«ሰይጣን» ያለው ማነው?

ባለፈው ወር በተደረገው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አንድ ጓደኛችን አጭር ልብ ወለድ አንብቦልን ነበር። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር ወንበር ያጣው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነው ያዳመጠው። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ከመካነ ሰላም ወዲያ፣ ወደ አምባ መቅደላ በሚወስደው መንገድ፣ በአንድ የደጋ መንደር አንዲት አሮጊት ትኖራለች። ቀን ቀን እንደ ሰው ቡናዋን ታፈላለች፤ ማታ ማታ ግን ሰይጣን ታመልካለች። እጣኗን አጭሳ፣ ጫቷን ይዛ፣ ጨሌዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ጌታዬ ሰይጣን ሆይ ና» ትላለች። ይመጣል። የጎረቤት ሕፃን ደም ይጠይቃታል፤ ትሰጠዋለች። በመጨረሻ ከከተማ የመጣው ተማሪ የልጅ ልጇ ጎጆዋን ከነሕይወቷ ያቃጥለዋል። ታሪኩ እዚህ ላይ ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እኛም አጨበጨብን። ይህን አስቀድመን የምንናገረው የሌላውን ጽሑፍ ለመተቸት የተነሣ ሰው ግለ ሂሱን ወደ መጨረሻ ማቆየት የለበትም ብለን ስለምናምን ነው። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ሁላችንም ስንስቅና ስንንጫጫ ከመካከላችን አንዱ ዝም አለ። «ምን ሆንክ?» ብንለው «እኔኮ አክስቴ ባለ ዛር ናት። እናንተ ያጨበጨባችሁት እሷ ስትቃጠል ነው» አለን። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ስንከራከር አደርን። ይህ ጽሑፍ የዚያች ሌሊት ክርክር ውጤት ነው።

ዓላማችን የጓደኛችንን ብዕር ለማስጣል አይደለም። እንዲያውም ቋንቋው የሚያስቀና ነው። የደጋውን ብርድ፣ በጭስ የጠቆረውን የጎጆ ምሰሶ፣ የሲኒውን ቅጭልታ እፊታችን አምጥቶታል። ስህተቱ ከባድ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ መጥፎ ጸሐፊ ቢሳሳት የሚያምነው የለም። የኛ ጥያቄ አንድ ነው፦ ለመሆኑ እቺን ሴትዮ «ሰይጣን አምላኪ» ያላት ማነው? እሷ ራሷ ናት ወይስ ጸሐፊው?

በመሠረቱ ታሪኩ የማያውቀውን ነገር ነው የጻፈው። ጫት፣ ቡና፣ እጣን፣ ከበሮ፣ ጨሌ፣ ጭዳ ሁሉንም ባንድ ከረጢት ጨምሮ «ሰይጣን» የሚል ስም ለጥፎበታል። የወሎ ሰው ግን እነዚህን ለይቶ ያውቃቸዋል። ወዳጃ ሌላ ነው። ወዳጃ ሰው ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ተይዞ፣ ለዝናብ፣ ለሰላም፣ ለታመመ ዱዓ የሚደረግበት ነው፤ በብዙ መንደር እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ «አሚን» ይላል። አድባር ሌላ ነው። ጥንቆላ ሌላ ነው። ዛርም ሌላ ነው። «ሰይጣን ሳቢ» እየተባለ የሚወራለት ሰው እንኳ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እሱ አጋንንትን በአስማት ስም አስሮ ያዝዛቸዋል ይባላል እንጂ ይሰግድላቸዋል አይባልም። ክታቡን ብንገልጥ የምናገኘው የእግዚአብሔርንና የመላእክትን ስሞች፣ ውርዝልያን ያሸነፈውን የሱስንዮስን ታሪክ ነው። ሰይጣን እዚያ ውስጥ የሚጠራው እንዲወጣ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው አምስት ነገር አይቶ አንድ ስም ከሰጠ ምኑን አየው እንበል?

ወደ ዛሩ እንምጣ። በአፍ ሲነገር የኖረው ተረት እንዲህ ይላል፦ ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። እግዚአብሔር ሊያያቸው ሲመጣ ዓይን እንዳይገባባቸው ብላ ያማሩትን አሥራ አምስቱን ደበቀች። እሱም መደበቋን አውቆ «እንግዲያው እንደተደበቁ ይቅሩ» አለ። የሚታዩት እኛ ሆንን፤ የማይታዩት ዛሮች ሆኑ። ልብ ብለን እናንብበው። እዚህ ተረት ውስጥ ዛሩ ከሰማይ የወደቀ መልአክ አይደለም፤ ወንድማችን ነው። ያውም የተበደለ ወንድም፤ እናቱ በመውደዷ ምክንያት ብርሃን የተከለከለ። ቅናቱና ቁጣው ከዚህ ይመነጫል። የሰው ልጅን ለማጥፋት የተነሣ የእግዚአብሔር ባላጋራ ሳይሆን ድርሻውን የሚጠይቅ ዘመድ ነው።

ሰይጣንን በተመለከተ ግን አገሩ የራሱ ጥርት ያለ ትረካ አለው። ያውም ሁለት። በቤተ ክርስቲያኑ የስነ ፍጥረት ትምህርት፣ በአክሲማሮስ፣ ሳጥናኤል የመላእክት አለቃ ነበር፤ ፈጣሪያቸው በተሰወረባቸው ጊዜ «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ፤ ቅዱስ ገብርኤል የቀሩትን መላእክት አጸናቸው፤ ሳጥናኤልም ወደቀ። በመስጊዱ በኩል ደግሞ ኢብሊስ ለአደም ስገድ ሲባል አልሰግድም ብሎ ተባረረ። በወሎ ሁለቱ ትረካዎች በአንድ የቡና ረከቦት ዙሪያ ይነገራሉ፤ በሁለቱም ሰይጣን የሚረገም እንጂ የሚገበርለት አይደለም። ባለ ዛሯም ብትሆን «የሰይጣን ጆሮ ይደፈን» ብላ ነው ወሬዋን የምትጀምረው! ከበሮው ሳይመታ በፊት ፈጣሪ ይለመናል፤ እንደየሃይማኖቱ ማርያም ትጠራለች ወይም ነቢዩ ይወደሳሉ። ስለዚህ የጓደኛችን አሮጊት «ጌታዬ ሰይጣን ሆይ» ስትል በወሎ አፍ አልተናገረችም። ያ ከፊልም የመጣ አፍ ነው።

እዚህ ላይ ተቃራኒው ክርክር ቀላል አይደለም፤ በዚያች ሌሊትም የዲያቆን ልጅ የሆነው ጓደኛችን በብርቱ አንሥቶታል። «ስሙን ተዉት» አለ። «ከእግዚአብሔር ሌላ ደም የሚፈስለት፣ ካልገበራችሁልኝ አሳምማለሁ የሚል መንፈስ ርኩስ መንፈስ ነው። እሷ ወንድሜ ብትለው፣ ጌታዬ ብትለው ግብሩ ያው ነው።» ሼሁም ቢጠየቁ ነገሩን ሽርክ ነው ይሉታል። ይህ የሃይማኖት ፍርድ ነው፤ አማኙ የመፍረድ መብት አለው። ነገር ግን ፍርድ ሌላ፣ ሥዕል ሌላ ነው። ቄሱ «የምታደርጊው የሰይጣን ነው» ሲላት ስለ እምነቷ እየፈረደ ነው። ጸሐፊው ግን «እኔ ሰይጣንን አመልካለሁ» ብላ በራሷ አንደበት እንድትናገር ሲያደርጋት ፍርዱን በአፏ አጉርሶ የራሷ ኑዛዜ አስመሰለው። ክሱን ኑዛዜ አድርጎ መጻፍ፣ ይህ ነው የታሪኩ ዋና ግድፈት።

ሥነ ምግባሩንስ? ታሪኩ እንደሚለው እቺ ሴትዮ ምንም ሥነ ምግባር የላትም፤ ክፋት ለክፋትነቱ ትወዳለች። እውነተኛው የዛር ቤት ግን ከላይ እስከ ታች በግዴታ የታሰረ ነው። ባለ ዛሯ «ፈረስ» ትባላለች፤ ዛሩ ጋላቢዋ ነው። ሲሰፍርባት ታጓራለች፤ በዙሪያዋ ያሉት ይጠይቁታል፦ «ማን ትባላለህ? ምን በደለችህ? ምን ይደረግልህ?» ስሙን ይናገራል፤ ሰይፉ ጨንገር ነኝ፣ ራሔሎ ነኝ ይላል። ቀለበት፣ ሽቶ፣ የዚህ ዓይነት ቀለም ያለው ዶሮ ይጠይቃል። «አቅሟ አይችልም፣ ማራት» ይባላል። ክርክር አለ፣ ዋስ አለ፣ የተቆረጠ ቀን አለ። የተባለው ቀን ሲደርስ ግብሩ ይገባል። ሥነ ምግባሩ የውል ሥነ ምግባር ነው፦ የተናገርከውን ፈጽም፣ የታመመን ብቻውን አትተው፣ ያለህን አካፍለህ ብላ።

በሌላው ቀን ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ዛሩ በመጣ ጊዜ እንደ ጌታ ተቀምጣ ባሏን ታዝዛለች። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ከርሞ መልካም አየሁ የተባሉትን ታዋቂ የዛር ቤት አለቃ ተከታትሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን በተውኔትና በኑሮ መካከል ያለ፣ ሰው የሚኖረው ተውኔት አድርጎ ተረጎመው። አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግም በዚያው ዓመት የጎንደሩን ዛር እንደ የቡድን ሕክምና አይቶ ጽፏል። ጓደኛችን ተውኔት ይወዳል፤ ታዲያ ይሄን የሚያህል ተውኔት ደጃፉ ላይ ሲታይ እንዴት አለፈው?

ይህን ስንል ዛሩን ልናቆነጅ አይደለም። አስከፊ ጎኑን እኛም በቤታችን አይተነዋል። ከመካከላችን የአንዷ እናት ሁለት ዓመት ሙሉ ስትታመም ፍየሏ ተሸጠች፣ ቀጥሎ ማሳው ተከራየ፣ ለግብር ለግብር እየተባለ ሁሉም አለቀ። ሐኪም ቤት የደረሰችው ሌላ የሚሸጥ ሲጠፋ ነው። ፍርሃትን እንደ እርሻ እያረሰ የሚያጭድ ባለ ውቃቢም ሞልቷል። ውል ነው ብለናል፤ ግን አንደኛው ተዋዋይ የማይታይና የማይጠገብ የሆነበት ውል ነው። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ይባላል፤ እዚህ የሚጣለው ግን ፈረሱ ነው፤ ፈረሷ ናት። በዛር ላይ ጠንካራ ታሪክ መጻፍ የሚቻለው ከዚህ ነው፦ የተሸጠችውን ፍየል፣ የልጅቷን የተቋረጠ ትምህርት፣ እናትየዋ በዛሩ ማፈሯንም መኩራቷንም ባንድ ላይ ማሳየት። የሕፃን ደም ግን ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ ጸሐፊውን ከማሰብ፣ አንባቢውን ከመጠየቅ ያድናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይኼ ነው።

«ልብ ወለድ ነው፤ ማንን ገደለ?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ቃሉ ገድሎ ያውቃል፤ ያውም በአገራችን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) ባለ ብዙ መጽሐፍ ንጉሥ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃን፣ መጽሐፈ ሚላድ የሳቸው ናቸው፤ ስሙ ራሱ የሰይጣንን መካድ የሚያውጀው «ክሕደተ ሰይጣን» የተባለው ድርሰትም ለሳቸው ይሰጣል። ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ከምድራቸው እናጠፋለን ብለው በተነሡ ጊዜ ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና «ደስክ»ን የካደ መሆኑን እንዲያስጽፍ አዘዙ። «ደስክና ዲኖን ያመልካሉ» ተብለው ብዙዎች ተገደሉ። የራሳቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ በዚሁ ክስ ክፉኛ ተቀጡ፤ ከነሱም የሞቱ አሉ። ዜና መዋዕላቸው ያን ጊዜ በሕዝቡ ላይ ታላቅ ፍርሃት እንደነበረ አልሸሸገም።

እነዚህን ጽሑፎች እንደ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስናነባቸው አንድ ነገር ያስደነግጠናል፦ የከሳሹ ድምፅ በየገጹ አለ፤ የተከሳሹ ግን የለም። ደስክን አመለኩ የተባሉት ሰዎች ምን እንደሚያምኑ፣ ምን እንደሚለምኑ፣ ለባልንጀራ ምን ይገባል እንደሚሉ ከራሳቸው አፍ የወጣ ቃል እዚያ አናገኝም። ስማቸው የደረሰን በረገማቸው ሰው ብዕር ነው። የያኔው ቤተ አምሐራ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ግሸን፣ ተድባበ ማርያም፣ ይህ እኛ ቁጭ ብለን የምንማርበት ደጋ ሁሉ ነው። የጓደኛችን ታሪክ ሳያውቀው ያንን ብዕር ነው ያነሣው።

በውጭው ዓለምም ያው ነው። በሰሜን ኢራቅ የሚኖሩት የዚዲዎች ጣውስ መለክ የሚሉትን የሰባቱ መላእክት አለቃ ያከብራሉ። ጎረቤቶቻቸው ይህ መልአክ ኢብሊስ ነው እያሉ ለብዙ ዘመን «ሰይጣን አምላኪዎች» ሲሏቸው ኖረዋል። የዚዲዎቹ ግን ሰይጣን የሚለውን ቃል በአፋቸው እንኳ አያነሡም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን በሲንጃር በነሱ ላይ ሲዘምት ይህንኑ የቆየ ስም ምክንያት አደረገው። በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ተገደሉ፤ ሴቶችና ልጃገረዶች እንደ ባሪያ ተሸጡ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ድርጊቱን ዘር ማጥፋት ብሎታል። ቃሉ መጀመሪያ ተረት ነበር።

«እሺ፣ ሰይጣንን በገዛ አንደበቱ አመልካለሁ የሚል ሰው ጨርሶ የለም ነው የምትሉት?» ብትሉን፣ አለ። የሱንም ቃል ከሱ መስማት አለብን። እ.ኤ.አ. በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አንቶን ላቬይ የሰይጣን ቤተ ክርስቲያን የተባለውን ሲመሠርት ሰይጣን የሚባል አካል አለ ብሎ አላስተማረም፤ ለሱ ሰይጣን የሥጋ ፍላጎትና የኩራት ምሳሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ማይክል አኪኖ ተገንጥሎ ወጣና ሌላ ማኅበር አቋቋመ፤ መጠሪያው ከጥንቱ የግብፅ አምላክ ከ«ሴት» የተወሰደ ነው (ሴትና ወንድ ማለታችን አይደለም)። እነዚህ ሌሎች ሰይጣን የሚሉት በእውነት ያለ ኃይል ነው፣ ለሰው «እኔ» የሚል ንቃት የሰጠውም እሱ ነው ይላሉ። ከነሱ ወዲህ የተነሡ፣ ሰይጣንን እንደ ሕያው አምላክ፣ እንደ አባትና አስተማሪ የሚለምኑ ትንንሽ ቡድኖችና ግለሰቦችም አሉ። ትምህርታቸው በጥቅሉ እውቀትን ፈልግ፣ ለማንም አታጎንብስ፣ ለሥራህ ራስህ ተጠያቂ ሁን የሚል ነው፤ አብዛኞቹ ወንጀልን አጥብቀው ያወግዛሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ከእንግሊዝ አገር እንደተነሣው «የዘጠኙ ማዕዘናት ሥርዓት» ያለ፣ የሰው መሥዋዕትን በጽሑፉ የሚደግፍና ከናዚ ሐሳብ ጋር የተሻረከ ቡድንም አለ። ይህን መደበቅ ሐቀኝነት አይሆንም።

ከነዚህ ከጨዋዎቹ ጋር እንኳ እኛ አንስማማም። አታጎንብስ ማለት ጥሩ ነው፤ ግን የወደቀን ለማንሣት ማጎንበስ የግድ ነው። «እኔ ማን ልሁን?» ብሎ የሚጠይቅ እምነት «ለጎረቤቴ ምን አለብኝ?» የሚለውን ካልጠየቀ በኛ ደጋ አንድ ክረምት አያሳልፍም። ይሁንና ይህን ልንላቸው የቻልነው የሚሉትን ስለሰማን ነው። ከሰሙ በኋላ አለመስማማት ሂስ ነው፤ ሳይሰሙ ማቃጠል ሂስ አይባልም። ዞሮ ዞሮ ግን የመካነ ሰላሟ ባለ ዛር ከነዚህ ሰዎች ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። እነሱ ብቻቸውን ለመቆም ይፈልጋሉ፤ እሷ ብቻዋን እንዳትቀር ነው የምትገብረው።

ከእምነት ጋር ሳይጣሉ ለተረገመው አንደበት መስጠት እንደሚቻል ለማየት ጆን ሚልተንን ማስታወስ ይበቃል። ሚልተን ጥብቅ ክርስቲያን ነበር። ዓይኑ ከጠፋ በኋላ አፉ የተናገረውን እያስጻፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1667 ስለ ገነት መጥፋት የሚተርከውን ረጅም ግጥሙን አሳተመ። እዚያ ውስጥ ሰይጣን ራሱ ይናገራል፤ ያውም እንዲህ አሳምሮ ይናገራልና ኋላ የመጣው ገጣሚ ዊልያም ብሌክ ሚልተን ሳያውቀው ወደ ዲያብሎስ ወገን አዘንብሏል እስከማለት ደርሷል። ሚልተን ለሰይጣን ለራሱ የሰጠውን አንደበት ጓደኛችን ለአንዲት የቦረና አሮጊት ነፈጋት። በአሥራ አንድ ገጽ ውስጥ ያቺ ሴትዮ አንድም ጊዜ ስለ ራሷ አትናገርም። ልጅ ወልዳ ታውቃለች? ዛሩ መቼ ያዛት? ማን ሞቶባት ነው? አናውቅም። እሳቱ ሲነሣ እንኳ የምትጮኸው የሰይጣንን ስም ነው።

ከደጃችን የምናየው ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት ጦርነት ብዙ መንሥኤዎች ነበሩት። ንጉሡን አስቀድሞ ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ግን ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ የሚለውን ወሬ በመጽሐፉ ላይ ማስፈሩ ነበር። የሰው እናት በወረቀት ላይ ስትዋረድ እንደ ቀላል አይታለፍም። ከጦርነቱ በኋላ ወደ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ከአምባው ወርደው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ እኛ ስለዚህ ዝርፊያ በየመድረኩ በቁጭት እንናገራለን። ቁጭታችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ብራናችንን ወሰዱብን የምንል ልጆች፣ ብራና ላይ ያልሰፈረውን የአክስቶቻችንን ቃል ራሳችን ስናቃጥለው ምን ልንባል ነው?

እንግዲህ ለጓደኛችን የምናቀርበው ሐሳብ ጽሑፍህን ቅደድ የሚል አይደለም። ዛሩን አወድስ፣ ቄሱን አሳፍር አንልም። እንደ ቄሱ ብትፈርድም ፈቃድህ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅሃለን፦ በመጪው ዕረፍት አገር ቤት ስትወርድ ከአንዷ ዘንድ ሂድና ቡናዋን ጠጣ፤ «እማማ፣ ይሄ ነገር እንዴት ያዘዎት?» በላት፤ የምትልህንም ሳትቆርጥ ጻፍ። ከዚያ ታሪኩን እንደገና አንብብልን። ጎጆው በመጨረሻ ይቃጠል እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን።

እኛም በበኩላችን ለሚቀጥለው ምሽት እጃችንን በኪሳችን ከትተን ለመምጣት ተስማምተናል። ያ ጓደኛችንም አክስቱን ይዟት ሊመጣ ነበር፤ «እዚያ ምን አለኝ፣ ያጨበጭቡብኛል» አለች አሉ።